የገሊላ ሰው አነጋገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፥ በዚህ ጽሑፍ ላቀርብላችሁ ያሰብሁት ነገር ስለ አነጋገር ነው። አነጋገር ስል ግን ስለ ስድብ፥ ስለ ሐሜትና ስለ ሐሰት ማለቴ አይደለም፤ ስለ እነርሱ ብዙ ጊዜ ተነግሮናል፥ ወደ ፊትም ይነገረናል። እኔ የምለው ስለ ቃል አወጣጥ፥ ሰው ከእናቱ ቤት ይዞት ስለሚወጣው የንግግር ጠባይ ነው። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ገና ሦስት ቃል ሳይናገር «ይህ ከወዴት የመጣ ነው? የማን ልጅ ነው? ተምሯል ወይስ አልተማረም?» እያልን በልባችን ስለምንሰጠው ፍርድ ነው። ይህንም የምጽፈው ከሁላችሁ በልጬ ስለማውቅ ሳይሆን ከሁላችሁ አብልጬ ስለ በደልሁ ነው።

ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ በዓል ስለ ጌታችን ሕማማት የሚናገር ድራማ አዘጋጅተን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ጽሑፉን ያሳጠርሁትም፥ ልምምዱን የመራሁትም እኔ ነበርሁ። የጴጥሮስን ቦታ በመጀመሪያ የሰጠሁት ከዓባይ ማዶ መጥቶ ከአጎቱ ቤት ተቀምጦ ለሚማር አንድ ልጅ ነበር። ይህ ልጅ በአገሩ ሳለ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዳዊት የደገመ ነው፤ ድምፁም ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። እኛ ወረቀቱን ይዘን ስንደነቃቀፍ እርሱ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ንግግር ጭምር በሦስት ቀን በቃሉ ይዞት መጣ።

በመጀመሪያው ልምምድ ከሊቀ ካህናቱ ግቢ ደረስን። መካከል ላይ የከሰል ማንደጃ አስቀምጠናል፤ ጴጥሮስ እጁን እያሞቀ ተቀምጧል። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁት ተነሥቶ እኔ አይደለሁም ማለት ነበረበት። ልጁም ተነሣና በሙሉ ድምፁ «እኔ አይዶለሁም!» አለ። አንዲት እኅት ሳቀች። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ቃሉን የሳተ መስሎት ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመው፤ «አይዶለሁም» ሲል ሳቁ ከፊተኛው ባሰ። አንተስ ምን አደረግህ ብትሉኝ፥ ወረቀቱን ፊቴ ላይ ጋርጄ ሳቅሁ። ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ጎን ጠራሁትና የጴጥሮስን ቦታ «አማርኛው ጥሩ ለሆነ» ሌላ ልጅ መስጠቴን ነገርሁት። «አንተ ወታደር ሁን፤ ጦር ይዞ መቆም ብቻ ነው፥ የሚነገር ነገር የለበትም» አልሁት። «እሺ ጋሼ» አለኝ። በበዓሉ ዕለት ጦሩን ይዞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን ከመዝሙር ጥናት ቀረ። ለቅዳሴ ሲመጣ ከኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆሞ ያስቀድስና ማንንም ሳያነጋግር ይሄዳል። ለምን ቀረህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ዘንድሮ ድራማው ይደገም ተብሎ ጽሑፉን ከወንጌሉ ጋር ሳስተያይ፥ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ቁጥር 73 ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዚያ ቆመው የነበሩት ሰዎች ወደ ጴጥሮስ ቀርበው ከእነርሱ ወገን መሆኑን አረጋግጠው ተናገሩ፤ ማስረጃቸውም አነጋገሩ ነበር። ይህን ንግግር አምና ከጽሑፉ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ያወጣሁበትም ምክንያት በመድረክ ላይ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አማርኛ ስለሚናገሩ ለተመልካቹ ትርጉም አይሰጥም ብዬ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በአነጋገሩ የተያዘውን ሰው እንዲሆን የመረጥሁትን ልጅ በአነጋገሩ ምክንያት አስወጣሁት፤ በእሳቱ ዙሪያ ከቆሙት ሰዎችም ወገን ሆኜ ተገኘሁ።

ለመሆኑ የገሊላ ሰው አነጋገር ምን ነበረበት? ጌታ በሥጋ በተመላለሰበት ዘመን በይሁዳም ሆነ በገሊላ ሕዝቡ የሚነጋገርበት ቋንቋ አራማይክ ነበር። ቋንቋው አንድ ሲሆን አወጣጡ ግን ይለያያል። የገሊላ ሰዎች ከጉሮሮ የሚወጡትን ፊደላት ለይተው አይናገሩም እየተባሉ በኢየሩሳሌም ሰዎች ይሳቅባቸው ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ተሰብስቦ በተጻፈው የባቢሎን ታልሙድ በተባለው የአይሁድ መጽሐፍ ስለዚሁ የሚናገር አንድ ታሪክ አለ። አንድ የገሊላ ሰው ገበያ ወጥቶ «አማር» ያለው ማነው እያለ ይጠይቃል። የሰሙትም፥ አንተ ሞኝ፥ የምትፈልገው የምትጋልበውን ነው፥ የምትጠጣውን ነው፥ የምትለብሰውን ነው ወይስ የምታርደውን ብለው ተሳለቁበት። ምክንያቱም በትክክል ለሚናገር ሰው ሐማር አህያ ነው፥ ሐመር የወይን ጠጅ ነው፥ ዐማር የበግ ጠጕር ነው፥ ኢማር ደግሞ ጠቦት ነው። በገሊላው ሰው አፍ ግን ሁሉም አንድ ሆነውበታል። ገበያተኛው እስኪበቃው ሲስቅ፥ ያ ምስኪን ምናልባት የሚፈልገውን ሳይገዛ ተመልሶ ይሆናል።

እዚህ ላይ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ፈጥነን ባንስቅ ይሻለናል። ፊደል ስንቆጥር የኔታ «ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ» ብለው ያስተማሩን ለምን ይመስላችኋል? «እሳቱ ሰ፥ ንጉሡ ሠ»፥ «አልፋው አ፥ ዐይኑ ዐ» የሚባለውስ? በጆሮ ሲሰሙ አንድ ስለሆኑብን እኮ ነው ስም ያወጣንላቸው! በግዕዝ ግን ልዩ ልዩ ነበሩ፤ በትርጉምም ይለያያሉ። መሀረ ቢል አስተማረ ነው፥ መሐረ ቢል ይቅር አለ ነው። ሰአለ ለመነ ሲሆን ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። ሰረቀ የሌባ ሥራ ነው፥ ሠረቀ ግን የፀሐይ መውጣት ነው። እነዚህን በአንደበቱ ለይቶ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ ከመካከላችን ይገኛልን? በከተማ ተወልዶ ያደገውም፥ በራዲዮ ዜና የሚያነበውም፥ ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውም በጉሮሮ ፊደላት ረገድ ያው እንደ ገሊላው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም ገበያ ብንወጣ አህያ ፈልገን ወይን ጠጅ በተሸከምን ነበር።

ሌላም ልጨምር። የገጠሩ ሰው «ኾነ» ሲል፥ «ስምኽ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ እንስቃለን። ግዕዙ ግን «ኮነ» ነው የሚለው፤ «ስምከ» ነው የሚለው። ያ የጥንቱ ከ ላልቶ ኸ ሆነ፤ ኸም ይበልጥ ላልቶ በከተማው አፍ ሀ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ ካህኑ በቅዳሴ ከሚናገረው ቃል ይበልጥ የሚቀርበው የማን አነጋገር ነው? የምንስቅበት ሰው ነው። ይህን ያነሣሁት የገጠሩ ትክክል፥ የከተማው ስሕተት ነው ለማለት አይደለም፤ ቋንቋ ሲኖር ይለወጣል፥ በመለወጡም ኃጢአት የለበትም። ነገር ግን «ጥሩ አማርኛ» ብለን የምንጠራው ብዙ ጊዜ የእኛን ሰፈር አማርኛ መሆኑን ልናውቀው ይገባል።

የሚገርመው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ቅኔውን ያገኘነው ከዋሸራ፥ ከጎንጅና ከዋድላ ነው፤ ድጓውን ከቤተልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን ከዙር አባ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የተጠበቀው በገጠር በሣር ጎጆ ነው። ከእነዚያ አገሮች የመጡ መምህር በዐውደ ምሕረት ቆመው በአገራቸው አነጋገር ሲያስተምሩ አንድም የሚስቅ የለም። እንዲያውም «አማርኛቸው እንዴት ይጣፍጣል!» እንላለን፥ ሲወርዱም መስቀላቸውን እንሳለማለን። ያንኑ አነጋገር ከግቢው በር ላይ ዕቃ ከሚሸከመው ወጣት ስንሰማ ግን እንስቃለን። ስለዚህ እውነቱን እንናገር፤ የምንስቀው በአነጋገሩ አይደለም። የምንስቀው በልብሱ፥ በሥራውና በድህነቱ ነው፤ አነጋገሩ ምልክት ብቻ ሆኖ ያገለግለናል። ጴጥሮስንም የያዙት ቃላቱን ስላጣመመ ሳይሆን አነጋገሩ ከማን ጋር እንደሚውል ስለ ነገራቸው ነው።

«አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» የሚል ተረት አለን። ይህ ተረት ስለ ሐሳብ ከሆነ እውነት ነው፤ እኛ ግን ለቃል አወጣጥ አድርገነዋል። በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ተሰልፌ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከፊቴ ጋቢ የለበሱ፥ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። ቀርበው እንደ አገራቸው ደንብ «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፥ ቤተ ሰብ ደኅና ነው?» ብለው ገና ጉዳያቸውን ሳይጀምሩ ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል «አንተ፥ ዳር ቁምና ጠብቅ» አለቻቸው። ቀጥሎ አንድ ወጣት መጣና «ኤክስኪዩዝ ሚ፥ ፎርሙ ላይ ሲግኔቸር ቀርቶ ነበር» አለ። ወዲያው ቀና አለችና «እርስዎ ይቀመጡ» ብላ ወንበር አሳየችው። ወጣቱ የሽማግሌው የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 ስለ ባለ ወርቅ ቀለበቱና ስለ ድሀው ሰው አቀማመጥ የገሠጸውን አስታወሰኝ፤ በእኛ ዘመን ቀለበቱ ከጣት ወጥቶ ከምላስ ላይ ገብቷል። እኔም በሰልፉ ውስጥ ቆሜ ምንም አልተናገርሁም፥ ወረፋዬ እንዳይበላሽብኝ።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ደግሞ አማርኛን ካደጉ በኋላ የተማሩት ናቸው። ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገር የሚኖር ሰው፥ ጎረቤቱ «አንተ» እና «አንቺ»ን ቢያቀያይር ቀልድ አድርጎ ለሠርግ ቤት ይቆጥበዋል። ያ ጎረቤት ግን ሁለት ቋንቋ ያውቃል፥ ምናልባትም ሦስት። የሚስቅበት ሰው በጎረቤቱ ቋንቋ ውኃ አጠጡኝ ለማለት እንኳ አይችልም። በውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችንም ይህን ከሁለት ወገን ያውቁታል። አባትና እናት በእንግሊዝኛቸው ምክንያት በሥራ ቦታ እንደማያውቁ ይቆጠራሉ፤ በዚያ የተወለዱት ልጆቻቸው ደግሞ በአማርኛቸው ምክንያት በቤተ ክርስቲያን ይሳቅባቸዋል።

ይህ ነገር የሰው ፍርድ ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ መርምረው የጻፉ ሰዎች አሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በታተመ አንድ ጥናት ጆን ባው የተባለው የቋንቋ ሊቅና ባልደረቦቹ እንዲህ አድርገው ነበር። ያው አንድ ሰው በልጅነቱ በሰማቸው በሦስት ዓይነት አነጋገሮች፥ ማለት በጥቁሮች፥ በሜክሲኮ ተወላጆችና በነጮች አነጋገር፥ ቤት ለሚያከራዩ ሰዎች ስልክ ይደውላል። የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ ፊቱን ያየ የለም። ነገር ግን ነጮች በሚበዙባቸው ሰፈሮች ቤቱን መጥተህ እይ የሚል ቀጠሮ በብዛት ያገኘው በነጮች አነጋገር ሲናገር ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፥ ቀጭኔ ያለ ውኃ ከግመል ይልቅ ትቆያለች እንደሚለው ያሉ ዓረፍተ ነገሮችን አንዳንዱን የአገሬው ተወላጅ፥ አንዳንዱን የውጭ አገር አነጋገር ያለው ሰው እንዲያነብባቸው አደረጉ። አድማጮቹ አንባቢው የሌላ ሰው ጽሑፍ ብቻ እንደሚያነብ ተነግሯቸዋል። ሆኖም በውጭ አገር አነጋገር የተነበበውን እምብዛም አላመኑትም። ጆሮ ለመስማት ሲደክም ልብ ድካሙን እንደ ጥርጣሬ ይቆጥረዋል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ፤ ክፋት ሳናስብ እንኳ እውነተኛውን ሰው ውሸታም ልናደርገው እንችላለንና።

ክፋት ሲጨመርበትማ እንዴት እንደሚሆን መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 12 ይነግረናል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚመጣውን ሁሉ ሺቦሌት በል ይሉት ነበር፤ ቃሉ የእህል ዛላ ማለት ነው። የኤፍሬም ሰው ሸ ማለት ስለማይሆንለት ሲቦሌት ይላል፤ በዚያም ይታረዳል። 42 ሺህ ሰው ወደቀ ይላል መጽሐፉ። ሁለቱም የእስራኤል ወገኖች፥ የአንድ አባት ልጆች ነበሩ። ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። በ1937 እ.ኤ.አ. በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሺህ የሚቆጠሩ የሄይቲ ተወላጆች ሲገደሉ፥ ፔሬሂል የተባለውን የቅመም ቅጠል ስም አስጠርተው በአወጣጡ ይለዩአቸው እንደ ነበር ይነገራል። በአዳራሽ ውስጥ መሳቅ ከዚህ ጋር አይተካከልም፤ እኔም ተካከለ አልልም። ግን ሰውን በአፉ መለየት የሚለመደው በሳቅ ነው።

ወደ ጴጥሮስ እንመለስ። ይህ ሰው በዚያች ሌሊት አነጋገሩን ለመደበቅ ቢችል ይወድ ነበር። ከጓደኞቹም አንዱ ናትናኤል ጌታን ከማግኘቱ በፊት ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን ብሎ ጠይቆ ነበር (ዮሐ. 1፥46)። ፈሪሳውያንም ለኒቆዲሞስ ከገሊላ ነቢይ እንደማይነሣ ነግረውታል (ዮሐ. 7፥52)። በኢየሩሳሌም ገሊላዊ መሆን እንዲህ ነበር። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ጌታችን ራሱ ያደገው በናዝሬት ነው። ፍጹም ሰው ሆነ ብለን ስናምን፥ ከእናቱ ከቅድስት ድንግል ማርያም አንደበት የሰማውን የአገሩን አነጋገር እንደ ተናገረ ማመናችን ነው። በኢየሩሳሌም አደባባይ ሲያስተምር ከሰሙት መካከል በቃሉ አወጣጥ ፊቱን ጋርዶ የሳቀ አይጠፋም። እኔ ከሳቂዎቹ መካከል አልኖርም ነበር ለማለት አልደፍርም።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ በዚያችው ከተማ፥ ያው ጴጥሮስ በብዙ ሕዝብ ፊት ተነሥቶ ቆመ። መንፈስ ቅዱስ በወረደበት በበዓለ ኀምሳ ዕለት ነው። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 2 ሕዝቡ ተገርመው የተጠያየቁትን አስተውሉ፤ የሚናገሩት ሁሉ የገሊላ ሰዎች አይደሉምን ተባባሉ። መጽሐፉ በምን እንዳወቋቸው አይነግረንም። ነገር ግን መንፈስ ቅዱስ ገሊላዊነታቸውን እንዳላጠፋው ግልጥ ነው። የኢየሩሳሌም መኳንንት አነጋገር አልሰጣቸውም። የጳርቴ ሰው፥ የሜድ ሰው፥ የግብፅ ሰው፥ የቀርጤስና የዐረብ ሰው የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ። እኛ እንግዳ ሲመጣ «እንደ እኛ ተናገርና እንሰማሃለን» እንላለን፤ እግዚአብሔር ግን እያንዳንዱ ከእናቱ ጋር ወደ ተነጋገረበት ቋንቋ ወረደ። በዚያም ቀን ሦስት ሺህ ያህል ነፍስ ተጨመረ። ለሊቀ ካህናቱ አገልጋዮች የሳቅና የመያዣ ምክንያት የነበረው አንደበት የመጀመሪያውን ስብከት ሰበከበት።

ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ የቋንቋን ኃይል ያውቅ ነበር። በኢየሩሳሌም ሕዝቡ ሊገድለው ሲል የሮማው ሻለቃ ሽፍታ መስሎት በሰንሰለት አሳስሮ ይወስደዋል። ጳውሎስ በግሪክ ቋንቋ ሲያነጋግረው ግን ሻለቃው ተገርሞ ግሪክ ታውቃለህን አለው፤ ለሕዝቡም እንዲናገር ፈቀደለት። ከደረጃው ላይ ቆሞ በዕብራይስጥ ሲጀምር ሕዝቡ ከፊት ይልቅ ጸጥ አለ (የሐዋ. ሥራ 21 እና 22)። ያው ሰው፥ ያው ልብስ፥ ያው ሰንሰለት ነው፤ የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው። ስለዚህ ወጣቶች ብዙ ቋንቋ ብትማሩ፥ የከተማውንም አነጋገር ብታውቁ መልካም ነው፤ ከበር ያስገባችኋል። ይሁን እንጂ ይኸው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ንግግሩ የተናቀ ነው ተብሎ ነበር (2ቆሮ. 10፥10)። ሙሴም አፈ ከባድ ነበር፤ እግዚአብሔር አሮንን ረዳት ሰጠው እንጂ በእርሱ ፋንታ ሌላ አልተካም። እኔ ግን ተካሁ።

«ታዲያ ሰው ሲሳሳት አይታረምን?» የሚል አይጠፋም። ይታረማል። ምንባብ የሚያነብ ልጅ ቃሉ ለሰሚው ግልጥ እንዲሆን ቢታገዝ የፍቅር ሥራ ነው። ግን እንዴት? አቂላና ጵርስቅላ አጵሎስን በምኵራብ ፊት አላሳፈሩትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው አስረዱት (የሐዋ. ሥራ 18፥26)። ጌታችንም ጆሮው የደነቈረውን ኮልታፋ ሰው ሲፈውስ አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው (ማር. 7፥33)። ከመካከላችን ንግግር ሲጀምር የሚይዘው እኅት ወይም ወንድም ሲኖር፥ ቃሉን ከአፉ ነጥቀን የምንጨርስለት ሰዎች ይህን ብናስብ። እኔም ያን ልጅ ለብቻው ወደ ጎን ጠርቼዋለሁ፤ ግን ጦሩን ለመስጠት ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ጠብቄ አነጋገርሁት። አምና ያደረግሁት በደል እንደ ሆነ፥ ይቅር እንዲለኝ፥ የጴጥሮስም ቦታ ከፈለገ የእርሱ መሆኑን ነገርሁት። መሬቱን በጫማው እየጫረ ቆየና «ሰዎቹስ?» አለኝ።

«የትኞቹ ሰዎች?» አልሁት።

«እሳቱ ዳር ቆመው ያወቁት። የሚሉት ነገር ከወረቀቱ ላይ የለም እኮ። ያን ጊዜም አይቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ማን ይሰማኛል ብየ።»

ንግግሩን በቦታው እንደ መለስሁት ነገርሁትና አዲሱን ወረቀት አወጣሁለት። ልምምዱ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ነው። እመጣለሁ አላለኝም፥ አልመጣምም አላለኝም፤ ወረቀቱን ግን ተቀብሎኝ እያነበበ ሄዷል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።